ካዝናው ሊደርቅ፣ እርስዎም ሊወጡ ሲሉ፦ ለተሰናባች መሪ የበጀት ቀውስ መመሪያ

ሥልጣን ለመልቀቅ የቀረዎት አራት ወር ነው። ዕቃዎን በካርቶን ማሸግ ጀምረዋል። የገንዘብ ሚኒስትርዎ ይገቡና በሩን ቀስ አድርገው ይዘጋሉ። በር ዘግቶ የሚቀመጥ የገንዘብ ሚኒስትር የምሥራች ይዞ አያውቅም። "ገንዘቡ እስከ ርክክቡ ላያደርሰን ይችላል" ይሉዎታል።

በዚህ ሰዓት ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው አድበስብሶ መውጣት ነው። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ አማካሪ ሆና ትቀርባለች። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ "ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም" ብሎ መጪውን መንግሥት ለዓመታት የሚያስር ውሳኔ በችኮላ መፈረም። ሁለቱም በታሪክ ተሞክረዋል፤ ሁለቱም አላማሩም።

ከመጀመራችን በፊት ያለዎትን ጉልበት እንመዝን። ዛቻዎን የሚፈራ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚህ አይኖሩማ። ቃል ኪዳንዎንም በዚያው ምክንያት የሚያምን ጥቂት ነው። ነገር ግን በዙሪያዎ ያሉ ፖለቲከኞች የሌላቸው አንድ ነገር አለዎት፤ የሚጠብቅዎት ምርጫ የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን አንድ ነገር እንዴት እንደሚያወጡት ነው።

ደረጃ 1፦ "ስንት ጎደለ?" ሳይሆን "መቼ ያልቃል?" ብለው ይጠይቁ

ጉድለት የዓመት ቁጥር ነው። መንግሥት የሚወድቀው ግን በአንድ ቀን ነው። ግብር በየወሩ እኩል አይገባም፤ በአንድ ወቅት ይጎርፋል፣ በሌላው ይነጥፋል። ደመወዝና ጡረታ ግን ወር ጠብቀው ይመጣሉ። የቦንድ ክፍያ ደግሞ ቀኑ ከዓመታት በፊት የተቆረጠ ነው። የዓመቱ ሒሳብ ደህና የሚመስል አገር በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ካዝና ሊገጥመው ይችላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ርክክቡ፣ ከዚያም በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ በየቀኑ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያዝዙ። ሦስት ቀኖች ይውጡልዎት፤ ሁሉም ነገር ከቀና የሚያልቅበት፣ እንደ ወትሮው ከሄደ የሚያልቅበት፣ ከከፋ የሚያልቅበት። ከሦስቱ የሚሠሩበት የመጨረሻው ነው። ሊመጣ የሚችል ብድርና ሊሸጥ የሚችል ድርጅት ሰንጠረዡ ውስጥ ከገባ ያስወጡት። ላም አለኝ በሰማይ ደመወዝ አይከፍልም።

ቀኑ ከርክክቡ በፊት ከሆነ ጉዳዩ ያለ ጥርጥር የእርስዎ ነው። ከርክክቡ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነም የእርስዎ ነው። አዲሶቹ ሰዎች ያኔ ገና የቢሮ ቁልፍ እየፈለጉ ነው።

እግረ መንገድዎን የበሽታውን ዓይነት ይለዩ። ገንዘቡ ወይም አበዳሪው እያለ ፓርላማው ስላልተስማማ ብቻ መክፈል የማይቻልበት ቀውስ አለ፤ በአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚያዘጋው ጭቅጭቅና የብድር ጣሪያው (መንግሥት ሊበደር የሚችለው በሕግ የተወሰነ መጠን) ጭቅጭቅ የዚህ ዓይነት ናቸው። ገበያው በሚቻል ወለድ አላበድርም ያለበት አለ። ዕዳው ጭራሽ ከአቅም በላይ የሆነበትም አለ፤ ዛምቢያ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የ42.5 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል ሲያቅታት የደረሰችበት ማለት ነው። የመጀመሪያው በድምፅ ይፈታል። ሁለተኛው ጊዜና አበዳሪ ይፈልጋል። ሦስተኛውን በአራት ወር አይፈቱትም፤ የእርስዎ ሥራ ሳይባባስ ማስረከብ ነው። ብዙ ተሰናባቾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛውን በሁለተኛው መድኃኒት ለማከም ውድ ብድር ይጨምሩበታል።

ደረጃ 2፦ ያልተጻፈውን ዕዳ ይጻፉ

በበጀት ሰነዱ ላይ ያለው ዕዳ ብዙ ጊዜ ትንሹ ዕዳ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ያልተጻፈው ነው። ሥራውን ጨርሶ ክፍያ የሚጠብቅ ተቋራጭ፣ መንግሥት ዋስ የሆነለት የልማት ድርጅት ብድር፣ ፍርድ ቤት የወሰነው ግን ያልተከፈለ ካሳ፣ አንድ ሚኒስትር በአንድ ስብሰባ ላይ በቃል የገባው ነገር።

አንድ ጊዜ የአንዲት ትንሽ ማኅበር ሒሳብ ተረክቤ ነበር። መዝገቡ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ችግሩ መሳቢያው ውስጥ ነበር። በላስቲክ የታሰረ፣ ያልተከፈለ ደረሰኝ ሙሉ። የመንግሥት መሳቢያም እንደዚያው ነው፤ ትልቅነቱ ብቻ ይለያል።

ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሁለት ሳምንት ጊዜ ይስጡ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተደበቀ ዕዳ ላወጣ ኃላፊ በመደበቁ ወቀሳ እንደማይደርስበት ይንገሩ። ከዚያ በኋላ የተገኘ ግን በስሙ ይመዘገባል። ዋናውን ኦዲተር ያስገቡበት። ውጤቱንም ምርጫ ካለ ከምርጫው በፊት ያውጡት።

"ራሴን ላጋልጥ?" ካሉ የግሪክን ነገር ያስቡ። በ2009 ተሰናባቹ መንግሥት የዓመቱ ጉድለት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 3.7 በመቶ ይሆናል ብሎ ነበር። በጥቅምት የገባው አዲስ መንግሥት ቁጥሩን ወደ 12.5 በመቶ አሳደገው። በኋላ ሲጣራ ከ15 በመቶም አለፈ። አበዳሪዎችን ያስደነገጠው ጉድለቱ ብቻ አልነበረም። "ከእንግዲህ የትኛውን ቁጥር እንመን?" የሚለው ጥያቄም ነበር። መጥፎ ቁጥር ወለድ ያስጨምራል። የተዋሸ ቁጥር ግን በር ያዘጋል።

ኒውዚላንድ በ1994 ባወጣችው ሕግ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ከምርጫ በፊት የአገሪቱን የሒሳብ ሁኔታ እንዲያትም አስገድዳለች። አውስትራሊያም በ1998 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። እንዲህ ያለ ሕግ ካለዎት ሥራው ቀሏል። ከሌለዎት ሕግ እንዳለ ሆነው ያድርጉት።

ደረጃ 3፦ ውሳኔዎቹን በሦስት ክምር ይለዩ

አንድ ረጅም ጠረጴዛ ያስፈልግዎታል። የሚጠብቁዎትን ውሳኔዎች ሁሉ በወረቀት ያስደርድሩ።

የመጀመሪያው ክምር ቢዘገይ ጉዳት የሚያመጣ ነው፤ የሚደርስ የዕዳ ክፍያ፣ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የመድኃኒት ግዢ፣ ጊዜው የሚያልፍበት የበጀት ሕግ። ይህን ይወስናሉ።

ሁለተኛው ክምር ተተኪዎ በሦስት ወር ውስጥ ያለ ጉዳት ሊወስነው የሚችል ነው። አማራጮቹን በወረቀት አዘጋጅተው ያቆዩለታል፤ አይወስኑም።

ሦስተኛው ጨርሶ የማይነኩት ነው። የደመወዝ ጭማሪ፣ የጅምላ ቅጥር፣ አዲስ የረጅም ጊዜ ኮንትራት፣ የመንግሥት ድርጅት ሽያጭ፣ ለወዳጅ የሚሰጥ የግብር ምሕረት። በመጨረሻው ወር የተሸጠ ነገር በርካሽ ይሸጣል። ገዢው የቸኮሉት እርስዎ መሆንዎን ያውቃልና።

አንድ መለኪያ ልስጥዎት። "ይህን ውሳኔ ተተኪዬ በአንድ ፊርማ መቀልበስ ይችላል?" ብለው ይጠይቁ። አይችልም ከሆነና ውሳኔው የመጀመሪያው ክምር ውስጥ ካልሆነ፣ እስክሪብቶውን ያስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ ተተኪውን ያስገቡ፣ ግን የራስዎን ፕሮግራም አያስፈርሙት

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ደረጃ ነው። ሳምንታት በምርጫ ዘመቻ ሲሰድብዎት የነበረን ሰው ሻይ መጋበዝ አለብዎት።

መጀመሪያ የከሸፈውን እንይ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በኅዳር 1932 በፍራንክሊን ሩዝቬልት ተሸነፉ። ርክክቡ በዚያን ጊዜ መጋቢት 4 ቀን ነበር። አራት ወር ሙሉ ባንኮች ይወድቁ ነበር። ሁቨር በየካቲት 1933 ለሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፉ። ገንዘቡ እንደማይረክስና በጀቱ እንደሚመጣጠን በአደባባይ ይናገሩ የሚል ነበር። ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። ነገር ግን ሁቨር ራሳቸው በዚያው ሰሞን ለአንድ ሴናተር በጻፉት ደብዳቤ፣ ሩዝቬልት ይህን ቢቀበሉ ከአዲሱ ፕሮግራማቸው 90 በመቶውን እንደሚተዉ አምነዋል። ሩዝቬልት አልፈረሙም። ማንስ ቢሆን ይፈርማል? የእርዳታ ጥያቄ መስሎ የቀረበው የእጅ ስጡ ጥያቄ ነበር።

አሁን የተሳካውን። በ2002 ብራዚል ምርጫ ሊደርስ ሲል ገንዘቧ ወረደ፤ አበዳሪዎች ሸሹ። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኤንሪኬ ካርዶዞ በነሐሴ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የ30 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተስማሙ። አብዛኛው ገንዘብ የሚለቀቀው በ2003፣ ማለትም በሚቀጥለው መንግሥት ዘመን ነበር። ታዲያ ካርዶዞ ምን አደረጉ? ዋና ዋናዎቹን ዕጩዎች አንድ በአንድ ጠርተው ሁኔታውን አስረዱ። ከዕጩዎቹ አንዱ ሉላ ዳ ሲልቫም ከዚያ በፊት በሰኔ ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ የአገሪቱን ውል እንደሚያከብሩ ለሕዝብ ጽፈው ነበር። አሸነፉ፤ ስምምነቱንም ጠበቁ። ደቡብ ኮሪያም በ1997 ምርጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብድር ስትፈርም፣ ዋናዎቹ ዕጩዎች ስምምነቱን እንደሚያከብሩ ቃል ተጠይቀዋል። ፖርቱጋል ደግሞ በ2011 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሥልጣን ለቀው በባላደራነት እየሠሩ ሳለ የ78 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተደራደረች፤ ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲም በስምምነቱ ውስጥ ገባ። በሰኔው ምርጫ ያሸነፈው ያ ፓርቲ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሁቨር የጠየቁት የፖሊሲ ስምምነት ነበር። ካርዶዞ የጠየቁት ጠባብ ነገር ነው፤ የተፈረመውን ዕዳ ማክበር። ተተኪዎ የራሱን መንገድ ይዞ ሊመጣ መብቱ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት እስኪደርስ መንገዱ እንዳይፈርስ ብቻ ነው።

ሲጠሩት እንዲህ ያድርጉ። ከደረጃ 1 የወጣውን ሰንጠረዥ ሳይቀንሱ ይስጡት። የራሱን ሁለት ባለሙያዎች ይዞ ይምጣ፤ ጥያቄያቸውን በቀጥታ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ያቅርቡ። ከዚያም "ከዚህ ውስጥ ከመግባትህ በፊት እኔ ብጨርሰው የሚሻልህ የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቁት። መልሱ ያስገርምዎት ይሆናል። በጥር 2009 ጆርጅ ቡሽ ከ700 ቢሊዮን ዶላሩ የባንክ ማዳኛ ውስጥ ቀሪውን 350 ቢሊዮን ከኮንግረሱ የጠየቁት ባራክ ኦባማ እንዲጠይቁላቸው ስለፈለጉ ነው። ለመውጣት የቀራቸው ከአሥር ቀን ያነሰ ነበር።

ተተኪው እምቢ ካለስ? የቀረበለትን፣ ቀኑንና መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡና ወደሚቀጥለው ይለፉ። በጋዜጣ አይክሰሱት።

ደረጃ 5፦ አንድ መራራ ነገር ይምረጡና በራስዎ ስም ይዋጡት

ያ ምርጫ የማይጠብቀው ሰው ጉልበት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጆን ቤነር እንደሚለቁ መስከረም 25 ቀን 2015 አስታወቁ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያልቀው በአምስት ቀን ውስጥ ነበር። በብድር ጣሪያው ምክንያት ደግሞ ኅዳር 3 ገደማ መንግሥት የሚከፍለው ሊያጣ ይችላል ብሎ ግምጃ ቤቱ አስጠነቀቀ። የገዛ ፓርቲያቸው አክራሪ ክንፍ "ከተስማማህ ከወንበርህ እናወርድሃለን" ሲላቸው ከርሟል። ሰውየው ወንበሩን ሲለቁ ማስፈራሪያው አብሮ ሞተ። ከመሄዴ በፊት ጎተራውን ላጽዳ የሚል ሐሳብ በቴሌቪዥን ተናገሩ።

አደረጉትም። መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 11 የሚያቆይ ጊዜያዊ በጀት አሳለፉ። ከዚያ ከዋይት ሐውስ ጋር የሁለት ዓመት ስምምነት አደረጉ። የብድር ጣሪያው እስከ መጋቢት 2017 ታገደ፤ የወጪ ገደቡ በሁለት ዓመት በ80 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ድምፁ 266 ለ167 ነበር። ከራሳቸው ፓርቲ የደገፉት 79 ብቻ ናቸው። በማግስቱ ፖል ራያን አፈ ጉባኤ ሆኑ።

የራያን ነገር ደስ ይለኛል። ስምምነቱ የተሠራበትን አካሄድ በአደባባይ አጥብቀው ነቀፉ። ከዚያ የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። ቤነርም መልስ ለመስጠት አልተጣደፉም። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ተሰናባቹ ዱላውን ይቀበላል፣ መጪው በንጹሕ እጅ ይጀምራል። ተተኪዎ ያጸዱለትን ቤት እየኖረበት ሲወቅስዎ፣ ዝም ማለት የሥራው አካል ነው።

ግን አንድ ብቻ ይምረጡ። ግብር መጨመር፣ ድጎማ ማንሳት፣ ምንዛሪ ማስተካከልና ጡረታ መቀነስ በአንድ ወር ውስጥ ከወጡ ሁሉም ይከሽፋሉ። ከደረጃ 1 የወጣውን ቀን በጣም ወደፊት የሚገፋውን ይውሰዱ። ይህ መፍትሔ አይደለም፤ ጊዜ መግዛት ነው። የቤነር ስምምነትም የአሜሪካን ዕዳ አልቀነሰም። ሁለት ዓመት ግን ለአዲስ ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ክፍያ በእጅ ይምሩ

የክፍያ ቅደም ተከተል በጽሑፍ ያውጡና ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። አለበለዚያ የሚከፈለው የሚጮኸው ነው፤ ወይም ስልክ ቁጥርዎ ያለው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ገንዘብ ሚኒስቴሩና ማዕከላዊ ባንኩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሳምንቱን ዝርዝር ይዩ።

ሦስት ብልጠቶች ይቀርቡልዎታል። ሒሳቦችን እስከ ርክክቡ ማግሥት ማዘግየት፣ ከወጡ በኋላ የሚደርስ የአጭር ጊዜ ውድ ብድር መውሰድ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ እንዲያትም መጫን። ሦስቱም ለእርስዎ ሰላም ይሰጣሉ፤ ለሚመጣው ዕዳ ከሜዳ ናቸው።

ደረጃ 7፦ ምርጫው አልቆ ርክክቡ ያልደረሰበት ቀን

ይህ ክፍተት የቀናት ወይም የወራት ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ ሥልጣኑ የእርስዎ ነው፤ የሕዝቡ ድምፅ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል። ደንቡ ቀላል ነው፤ አስቸኳይ ነገር ከመጣ መጪው መንግሥት ባለው ይፈርማሉ፣ ባይስማሙበትም።

ይህን ደንብ ኒውዚላንድ በከባድ መንገድ ተማረችው። ሐምሌ 14 ቀን 1984 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ማልዱን ምርጫ ተሸነፉ። የውጭ ምንዛሪው እያለቀ ነበር፤ የማዕከላዊ ባንኩ ሰዎች ዶላራችን ይውረድ ብለው ነበር። ያሸነፉት ዴቪድ ላንጂም ይህንኑ ጠየቁ። ማልዱን እምቢ አሉ። ለቀናት አገሪቱ ማን እንደሚያዝዝ ግራ ገባት፤ የምንዛሪ ገበያው ተዘጋ። በመጨረሻ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ሲጫኗቸው ፈረሙ፣ ገንዘቡም በ20 በመቶ ወረደ። ማልዱን ስለ ምንዛሪው ልክ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ለክርክር ይቅር። ለመወሰን ግን ቀናቸው አልፎ ነበር።

ደረጃ 8፦ ለሕዝቡ ይንገሩ፣ አንድ ጊዜ፣ በቁጥር

አጭር ንግግር ይበቃል። ምን ያህል እንዳለ፣ እስከ መቼ እንደሚያደርስ፣ ምን እንደወሰኑ፣ ምን እንዳልወሰኑና ለማን እንደተዉት። "ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው" የሚለውን ይዝለሉት። ይህ ዐረፍተ ነገር ሰውን ወደ ባንክ ያስሮጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሚኒስትሮች በየራዲዮው የየራሳቸውን ቁጥር ካወሩ ደረጃ 2 ላይ የደከሙበት ሁሉ ውኃ በላው።

ደረጃ 9፦ የርክክብ ማኅደሩ

በ2010 የብሪታንያ ግምጃ ቤት ተሰናባች ሚኒስትር ሊያም በርን ለተተኪያቸው አንድ መስመር ማስታወሻ ትተው ወጡ። ገንዘብ የለም የሚል ነበር። በሹማምንቱ ዘንድ የቆየ የቀልድ ልማድ አለና ቀልድ ነበር። ተተኪያቸው ግን ለጋዜጠኞች ነገሩ። በ2015 ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን ወረቀቷን በየመድረኩ እያወጡ ያሳዩ ነበር። በርንም በአደባባይ ተጸጽተዋል። ስለዚህ በማኅደሩ ውስጥ ቀልድ አይግባ።

የሚገባው ይህ ነው። የየቀኑ የገንዘብ ሰንጠረዥ፣ እስከ ትናንት ማታ የታደሰ። የሚቀጥሉት 90 ቀናት የዕዳ ክፍያዎች፣ ከነቀናቸው። የውዝፍና የዋስትና ዝርዝር። ሁለተኛው ክምር፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ከነአማራጩ። ከአበዳሪዎች ጋር የተደረጉ ንግግሮች ማስታወሻ፤ በቃል የተባለውም ጭምር፣ በተለይ በቃል የተባለው። በመጨረሻም አንድ ገጽ የስም ዝርዝር። የገንዘብ ሰንጠረዡን በእጁ የሚሠራው ባለሙያ፣ የቦንድ ክፍያውን የሚያስተላልፈው፣ እሑድ ሌሊት ስልክ የሚያነሳው የማዕከላዊ ባንክ ሰው። እነዚህ ሰዎች ከእርስዎ ጋር እንዳይወጡ ቢያንስ እስከ ሦስት ወር እንዲቆዩ ይለምኗቸው። ያን ዝርዝር አስቀድመው ያዘጋጁት፤ የመጨረሻው ቀን በፎቶና በስንብት ያልፋል። ማኅደሩን ለተተኪዎ በእጅዎ ይስጡ፣ ስልክዎንም ክፍት ይተዉ።